የናስ ታርጋዋን አትንኩ፦ ስለ አሮጌ ሞተር ዋጋ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ወር አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሰባት ሰው ልኮልኛል። ሁሉም «አንተ የሞተር ሰው ነህ፣ እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው የላኩት። ጅማ ውስጥ የወፍጮና የቡና መፈልፈያ ሞተር መጠገን ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አሮጌ ሞተር እወዳለሁ። ጓሮዬ ውስጥ በላሜራ የተሸፈኑ አራት አሉኝ። ስለዚህ ጽሑፉን ስጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። ስጨርስ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ምክሩን እንዳለ የተቀበለ ሰው ሞተሩንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ካናዳና አሜሪካ ውስጥ የድሮ ስኖውሞቢል፣ ማለትም የበረዶ ተሽከርካሪ፣ ሞተር የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ ብርቅ ለሆነው ብዙ ዶላር ይከፍላሉ ይላሉ። የእኛም አገር ጓሮ በአሮጌ የወፍጮ፣ የቬስፓና የመኪና ሞተር የተሞላ ነውና ሀብት ላይ ተኝተናል፣ የውጭ ገዢም ይመጣል ባይ ናቸው። ከዚያ ምክር ይከተላል። ሞተር ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ከመሸጡ በፊት ተሞርዶና ቀለም ተቀብቶ አዲስ ይምሰል። አልነሳም ካለ ብረት ነው፣ በኪሎ ይሂድ። ሙሉውን ከመሸጥ ፈታቶ መሸጥ ያዋጣል። የሕንድ ኮፒ ከሆነ ደግሞ ምንም ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሞተሮቻችንን ለቆራሌው በጣም በርካሽ እየሰጠን ነው። መርካቶ አካባቢ አንድ ሙሉ ሞተር ከተሰበረ ድስትና ከአልጋ ብረት ጋር ሲመዘን በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ጸሐፊው ይህን በማንሳታቸው አመሰግናቸዋለሁ። የምቃወመው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ከስኖውሞቢሉ ልጀምር፤ ክርክሩ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ስኖውሞቢል በረዶ ላይ የሚነዳ ተሽከርካሪ ነው። ከፊት በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሁለት ስኪ፣ ከኋላ ደግሞ እንደ ዶዘር ሰንሰለት የሚዞር የጎማ ቀበቶ አለው። የድሮዎቹ አብዛኞቹ ቱ ስትሮክ ናቸው። የቬስፓ ወይም የያማሃ ዲቲ ሞተር የፈታ የጅማ መካኒክ ውስጡን ቢያይ ብዙም አይገርመውም። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይደባለቃል፤ ቫልቮላ የለም።

ታዲያ ዋጋ ያገኘው ለምንድን ነው? ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ልጥቀስ። ኩቤክ ውስጥ ቫልኩር በምትባል ትንሽ ከተማ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር የሚባል መካኒክ ነበር። በ1934 ክረምት ትንሹ ልጁ ታመመ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ሆስፒታል ማድረስ አልቻለም፤ ልጁ ሞተ። ሰውየው በረዶ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ለመሥራት ቀድሞም ይለፋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሕይወቱን ሰጠበት። በ1959 ስኪ ዱ የተባለችውን ቀላል ተሽከርካሪ ለገበያ አወጣ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ስኖውሞቢል የሚሠሩ ድርጅቶች ከመቶ በላይ ደርሰው ነበር። ሞተሩን አብዛኞቹ ራሳቸው አይሠሩትም። ከኦስትሪያ ሮታክስ፣ ከጀርመን ሳክስና ሂርት፣ ከጃፓን ፉጂና ካዋሳኪ እየገዙ ይገጥሙ ነበር። ከ1973 የነዳጅ ቀውስ ወዲህ ግን አንድ በአንድ ተዘጉ። ዛሬ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ መለዋወጫው አብሮ ቆመ። በዚያ ተሽከርካሪ ያደጉት ልጆች ግን ትልልቅ ሰው ሆኑ፣ ገንዘብም ያዙ። አባታቸው የነዳትን ያችኑ ሞተር ፈለጉ። ማኅበር አቋቋሙ፣ የድሮዎቹን ብቻ የሚያወዳድር እሽቅድምድም ጀመሩ፣ ሙዚየም ከፈቱ። ቫልኩር ራሷ በቦምባርዲየር ስም ሙዚየም አላት። ዋጋውን የሠሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ብረቱ ብቻውን ዋጋ አልሠራም። እዚያው አገር እንኳ በብዛት የተመረተ ተራ ሞተር ማንም ሳይጠይቀው ጎተራ ውስጥ ይቀመጣል። ጸሐፊው የጠቀሱት ዋጋ የጥቂቶቹ ነው። እሱን ወስዶ ጅማ ጓሮ ላለ ሞተር ሁሉ ማልበስ ልክ አይደለም። የሊሙ ቡና ጥሩ ዋጋ አወጣ ተብሎ መሬት ላይ የረገፈ ቡና ሁሉ በዚያ ዋጋ አይገዛም።

«የውጭ ገዢ ይመጣል» የሚለውም አብሮ ይወድቃል። የሐጂን ሞተር እንውሰድ። ሐጂ እዚህ ጅማ ወፍጮ ያላቸው አባት ናቸው። ሞተራቸው ሊስተር የሚባል የናፍጣ ሞተር ነው፤ በግራና በቀኝ ትልልቅ ቮላኖ (ከባድ የብረት መዞሪያ ጎማ) ያለው፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ስድስት የፈረስ ጉልበት። እንግሊዝ አገር ደርስሊ ከተማ የተሠራ ነው። ክብደቱ ከ300 ኪሎ በላይ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ መርከብ። ይህን ሁሉ ከፍሎ የሚወስድ ሰው የት ነው ያለው? እንግሊዝ ነው እንበል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ያው ሊስተር ሞልቷል። ፈላጊው ባለበት ዕቃውም አለ።

«ባረጀ ቁጥር ይወደዳል» ወደሚለው ልለፍ። ይህ አጭር መልስ ይበቃዋል። የሐጂ ዓይነቱ ሊስተር ከ1930ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1980ዎቹ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል፣ መሠረታዊ አሠራሩ ሳይለወጥ ተመርቷል። የሃያ ዓመት ልዩነት ያላቸውን ሁለቱን ጎን ለጎን ብታቆሙ ብዙ ሰው አይለያቸውም። እዚያው ስኖውሞቢል ውስጥም ተቃራኒው አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ አርክቲክ ካት የተባለው ስኖውሞቢል ሠሪ አንዳንድ ተሽከርካሪዎቹ ላይ የሳክስን ዋንክል ሞተር ገጠመ። ዋንክል ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ፒስቶን የለውም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው የሚዞረው። ሰብሳቢዎች እሱን የሚፈልጉት አሠራሩ ልዩ ስለሆነና ጥቂት ስለተሠራ ነው። ከእሱ በዕድሜ የሚበልጡ ስንትና ስንት ተራ ሞተሮች አሉ፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ዕድሜ አንድ መረጃ ነው እንጂ ዋጋ አይደለም።

አሁን በጣም ወዳሳዘነኝ ምክር ልምጣ። «ተሞርዶና ቀለም ተቀብቶ አዲስ ይምሰል።»

ይህ ምክር አዲስ አይደለም፤ ደላላ ሲመክረው የኖረ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በአጋሮ መስመር አንድ ወጣት ደውሎ ጠራኝ። አያቱ የተዉለት ሞተር ነው። «ገምትልኝ» አለኝ። ስደርስ ሞተሩ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ደላላው ነው ያስቀባው። የድሮው አረንጓዴ ቀለም በግራይንደር ተጠርጎ ወጥቷል። በጎኑ የነበረችው የናስ ታርጋም የለችም። «ዝጋለች፣ አስቀያሚ ናት ብሎኝ ነቀልናት» አለኝ። የት እንደጣላት አያውቅም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጓሮውን ፈለግን። አላገኘናትም።

ያቺ ታርጋ ምን እንደነበረች ላስረዳ። የሊስተር ታርጋ ላይ የሞተሩ ቁጥር፣ የፈረስ ጉልበቱና በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ተጽፏል። 600 ዙር የሚለው ባለ አምስት ጉልበቱ ነው፤ 650 የሚለው ባለ ስድስቱ። በቁጥሩ ዘመኑን ማወቅ ይቻላል። የእንግሊዙን ከኮፒው ለመለየትም መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። እናንተ መኪና ስትገዙ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ሊብሬውን ይዛችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ታመሳክራላችሁ። ቁጥሩ የተፋቀ መኪና «ቀለሙ ያምራል» ብሎ የሚገዛ ሰው አለ? ስኖውሞቢል ሰብሳቢዎችም የሚያዩት ይህንኑ ነው። ቁጥሩ አለ? ካርቡሬተሩ አብሮት የመጣው ነው? የማስነሻ ገመዱ ቤት፣ የሞተሩ መሸፈኛ፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የራሱ ነው? ቀለሙ የፋብሪካው ከሆነ ቢላላጥም ይተዉታል። አንዴ ከተፋቀ ማንም አይመልሰውም።

የጅማ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል ብዬ አምናለሁ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣውን የድሮ የጅማ በርጩማ አስቡት። አያት ቅድመ አያት ተቀምጠውበት ወዙ የጠቆረውን። ማነው ወስዶ በአሸዋ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ የሚቀባው? ያ ጥቁረት እኮ ነው በርጩማውን በርጩማ ያደረገው። ሞተርም እንደዚያው ነው።

እርግጥ ዝገትን ዝም በሉት አላልኩም። የጅማን ዝናብ እናውቀዋለን። ላሜራ ሳይለብስ አንድ ክረምት ያደረ ሞተር ይበላል። ጭቃውንና የደረቀውን ቅባት በነጭ ጋዝና በብሩሽ ማጽዳት ጥሩ ነው። የተጣራ ዘይት በጨርቅ መቀባት ጥሩ ነው። ከመሬት ማንሳት፣ ጣውላ ላይ ማስቀመጥ፣ ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን ያስፈልጋል። ማጽዳትና መሞረድ ግን የተለያዩ ናቸው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አደረጓቸው።

አራተኛው «ካልተነሳ ብረት ነው» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የሙያ ሰው ሆኜ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ።

ለብዙ ዓመት የቆመ ሞተር አለመነሳቱ ያለ ነው። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፤ «ነክሷል» የምንለው። መንከስ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሙቀት የነከሰ ነው፤ እሱ ሲሊንደሩን ጭሮታል፣ ሬቲፊካ (ሲሊንደሩን እንደገና መቦርቦር) ያስፈልገዋል። ሌላው ቆሞ በዝገት የነከሰ ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ ይፈታል። ካንዴላውን ወይም ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል አውጥታችሁ ናፍጣና ዘይት ቀላቅላችሁ ሲሊንደሩ ውስጥ አፍስሱ። ተዉት። ሦስት ቀን፣ ሳምንት፣ አንዳንዴ ወር። በየቀኑ ቮላኖውን ይዛችሁ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ሞክሩ። በመዶሻ አትምቱ። በመኪና ጎትታችሁ አታሽከርክሩ። ጓሮዬ ካሉት አራት ሞተሮች ሁለቱ «ብረት ናቸው» ተብለው የተሰጡኝ ናቸው። ዛሬ ሁለቱም ይሠራሉ።

ተቃራኒውንም ልናገር። መነሳትም ጤንነት ማለት አይደለም። ጸሐፊው ገዢ ፊት አስነሱት ይላሉ። ለዓመታት የቆመን ቱ ስትሮክ ድንገት ማስነሳት ሊያጠፋው ይችላል። የክራንክ ሻፍቱ ኦሊዮ ማሸጊያ ጎማ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚያ በኩል አየር ይገባል። ቤንዚንና ዘይቱ ይሳሳል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ፒስቶኑ ይቀልጣል። አምስት ደቂቃ በደንብ ሠርቶ ከዚያ ይሞታል። ቬስፓ ላይም ያማሃ ላይም ይህ ደርሶ አይቻለሁ። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። የፓምፑ መቆጣጠሪያ ዘንግ ተጣብቆ ከሆነ ሞተሩ ይሸሻል፤ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፣ የሚያቆመው የለም። ያን ከባድ ቮላኖ የያዘ ሞተር ሲሸሽ አጠገቡ መቆም ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱ ይለወጥ፣ ዘንጉ በእጅ ይንቀሳቀስ፣ ሞተሩ በእጅ ይዙር። ማስነሳቱ ከዚያ በኋላ ነው። ቸኩሎ ያስነሳ ሻጭ ገዢውንም ራሱንም ይጎዳል።

ለገማች ከመነሳቱ ይልቅ መሟላቱ ይበልጣል። የሊስተርን ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) ጎን እዩት። በብዙዎቹ የድሮዎቹ ላይ ለማስነሻ ጊዜ እመቃውን የምትጨምር ትንሽ ባለ መያዣ ቫልቮላ አለች። ስንቱ ጋ ሄጄ ያቺ ጠፍታ በብሎን ተደፍና አገኘኋት! የነከሰ ግን ሙሉ የሆነ ሞተር ከሚሠራ ግን ግማሹ ከተለወጠ ሞተር ለሰብሳቢ ይበልጣል። ለወፍጮ ቤት ግን የሚሠራው ይበልጣል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ፈታቶ ስለመሸጥ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ብሎኩ የተሰነጠቀ፣ ቁጥሩ የጠፋ ሞተር ቢፈታ አልቃወምም። ካርቡሬተሩ ወይም ፓምፑ ሌላ ሞተር ያድናል። ፋብሪካው የተዘጋ የስኖውሞቢል ሞተር ያላቸው ሰዎችም የሚኖሩት ከሌላ ሞተር በተነቀለ ዕቃ ነው። ሙሉውን ሞተር መፍታት ግን ሌላ ነገር ነው። ገዢው መጥቶ ፓምፑንና ኖዝሉን ይወስዳል። ቮላኖው፣ ብሎኩና መቀመጫው ይቀራል። እሱን ማን ይገዛል? ቆራሌው። ጸሐፊው ካዘኑበት ቦታ በሌላ መንገድ ደረስን ማለት ነው።

የመጨረሻው የሕንድ ኮፒ ነገር ነው። እውነት ነው፣ ሕንድ ውስጥ በተለይ ራጅኮት ከተማ የሊስተርን መልክ እየያዙ የሚሠሩ ብዙ ወርክሾፖች አሉ። ጥራታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ሲከፈት የማቅለጫ አሸዋ ውስጡ ተጣብቆ ይገኛል፤ ያ አሸዋ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚናውን (የዘንጉን መሸከሚያ) ይበላል። ሰብሳቢ ለኮፒ ያነሰ ይከፍላል፤ ልክ ነው። «ምንም ዋጋ የለውም» ማለት ግን የገጠሩን ወፍጮ አለማየት ነው። ውስጡ በደንብ ታጥቦ የተገጠመ ኮፒ ሰፈር ይመግባል። ዕቃውም ከኦርጅናሉ ጋር ብዙ ጊዜ ይገጥማል። እኔ ራሴ የእንግሊዙን በሕንዱ ዕቃ አድኜ አውቃለሁ።

እዚህ ላይ ነው ያ ልዩነት የሚመጣው። ጸሐፊው አንድ ዋጋ ብቻ ነው የሚያዩት። ሞተር ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ ሰብሳቢው የሚከፍለው ነው፤ ቁጥሩን፣ ሙሉነቱን፣ ታሪኩን አይቶ። ሌላው የሚሠራበት ሰው ከእሱ የሚያገኘው ነው። ካናዳ ውስጥ የድሮ ስኖውሞቢል ሞተር እንጀራ የሚያበላው ሰው ጥቂት ነው፤ አዲስ አለ። ስለዚህ እዚያ የሰብሳቢው ዋጋ ይበልጣል። ጅማ ግን ብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ገና ሥራ ላይ ናቸው። የሚሠራን ሞተር ለምናብ ገዢ ብሎ ማቆም ኪሳራ ነው።

ጽሑፉ የተሰራጨ ሰሞን ሐጂ ጠሩኝ። የልጅ ልጃቸው አንብቦላቸው ኖሯል።

«ልጄ፣ ይቺ ሞተር ስንት ታወጣለች?» አሉኝ።

አብረን ቁጭ ብለን አሰብነው። ታርጋው ላይ ስድስት የፈረስ ጉልበት ይላል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ የምትሰጠው አምስት ገደማ ነው። ለወፍጯቸው ይበቃል። መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ እናቶች እህላቸውን ይዘው የሚመጡት እሳቸው ጋ ነው። በወር የምታስገባውን ደመርነው። በእሷ ምትክ ሌላ ሞተር ቢገዙ ስንት እንደሚያወጡ ደመርነው። ሰብሳቢ ቢገኝ ሊከፍል የሚችለውን ከጎኑ አስቀመጥን። ሐጂ ወረቀቱን አይተው ሳቁና «እንግዲህ ትፍጭ» አሉ።

ከዚያ የሄድኩበትን ሌላ ሥራ ሠራሁ። ነጭ ወረቀት በናስ ታርጋዋ ላይ አድርጌ በእርሳስ ፈተግኩት። ቁጥሩ፣ ጉልበቱ፣ 650 የሚለው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ሐጂ ከሳጥን ውስጥ ያረጀ የግዢ ደረሰኝ አወጡ፤ አባታቸው የገዙበት ነው። ሁለቱን አንድ ፌስታል ውስጥ ከተን ቁርዓናቸው ካለበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥናቸው። ታርጋዋን ደግሞ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርጌ እዚያው ቦታዋ ተውኳት።